አዳ ወደ ዶስ ስትገባ

አንባቢ ሆይ፣ ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ በሰማያዊው መስመር ሲሳፈሩ ፔንታገንን አልፈው ፎጊ ቦተም ይደርሳሉ። (የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ሜትሮ ሴንተር ላይ ባቡር ይቀይራል።) የማወጋዎ ታሪክ እነዚህን ሁለት ጣቢያዎች ያገናኛል። ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ወጪው እስካላከበደ ድረስ፣ የመከላከያ ሚኒስቴር ፕሮግራሞች አዳ በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ እንዲጻፉ ደነገገ። እንግዲህ በዚህ ከተማ በኮምፒዩተር ሙያ እንጀራ መብላት ያሰበ ሰው አዳን ማወቅ ይጠቅመው ነበር። ለመማር ግን ኮምፓይለርና ሊንከር ያስፈልጋሉ። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጉማል። ሊንከር ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ እጅጌውንና አንገትጌውን ገጣጥሞ የሚለበስ ያደርገዋል። የአዳ ኮምፓይለር ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ማታ ታክሲ ነድቶ ቀን የሚማር ሰው ቤቱ ያለችው ደግሞ በዶስ የምትሠራ ፒሲ ናት።

በ1992 አየር ኃይሉ በ3 ሚሊዮን ዶላር ውል ለኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጂናት የተባለውን የአዳ ኮምፓይለር አሠራ። ውሉ ሥራው ማንም እንዲገለብጠውና እንዲያሻሽለው በሚፈቅደው የጂኤንዩ ፈቃድ እንዲወጣ ያስገድዳል። በእኔ ግምት ይህች አንቀጽ ከገንዘቡ ትበልጣለች።

ጂናት የቆመው ግን በጂሲሲ ላይ ነው፤ ጂሲሲ ደግሞ ለትልልቅ የዩኒክስ ማሽኖች የታሰበ ነበር። ዶስ ጠባብ ቤት ነው፤ 16 ቢት፣ 640 ኪሎባይት! በ1989 ገደማ ዲጄ ዴሎሪ የተባለ ፕሮግራመር የጂኤንዩን መሥራች ሪቻርድ ስቶልማንን፣ ጂሲሲን ወደ ዶስ ለማምጣት ታስባላችሁ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ አይቻልም ተባለ። እልህ ያዘው። ያገኘው መላ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ሲነሳ የ386ቱን ማሽን ወደ 32 ቢት አሠራር ያሻግረዋል፤ ፋይል እንደ መክፈት ያለ የዶስ ሥራ ሲያስፈልግ ለአፍታ ወደ ዶስ ይመለስና ያስፈጽማል። ሥራው ዲጄጂፒፒ ተባለ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ፎጊ ቦተም ባለው ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ማይክል ፌልድማን ጂናትን ለዶስ በሚመች መልክ አዘጋጅተው በነፃ አሠራጩ። ስሙ ኢዚ ቱ ሎድ፣ በቀላሉ የሚጫን ማለት ነው። ተማሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ፔንታገን የሚጠይቀውን ቋንቋ መለማመድ ቻለ።

በ1997 መከላከያው ግዴታውን አነሳ። ጂናት ግን በ2001 ከጂሲሲ ጋር ተጠቃሎ ዛሬም ይሠራል። ዲጄጂፒፒም አለ፤ ምድር ቤትዎ ውስጥ አቧራ የጠጣች የዶስ ፒሲ ካለች፣ ሳይከፍሉ ይሞክሩበታል።