ቁስጥንጥንያ ከቃጠሎው በኋላ
(በሬዲዮ ከተነገረው)



ዐፄ ካሌብ በአክሱም በነገሡበት ዘመን በቁስጥንጥንያ ዙፋን ላይ የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ነው። የሐር ንግድ ከፋርሶች እጅ እንዲወጣ ፈልጎ ዩልያኖስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ንጉሣችን እንደ ላከ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮጲዮስ ጽፎልናል። ዛሬ የምንናገረው ግን በገዛ ሕዝቡ እጅ ስለ ተቃጠለችበት ከተማውና እርሱም እንደ ገና ስለ ሠራት ነው። ዘመኑን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

የቁስጥንጥንያ ሕዝብ በሰረገላ እሽቅድምድም ምክንያት ሰማያዊና አረንጓዴ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍሎ እርስ በርሱ ይጣላ ነበር። በጃንዋሪ 532 ስለ ሁከት ሞት ከተፈረደባቸው መካከል ሁለቱ፥ አንዱ ከሰማያዊ አንዱ ከአረንጓዴ፥ መስቀያው ተሰብሮ ተረፉና ቤተ ክርስቲያን ገብተው ተማጠኑ። በ13ኛው ቀን ሁለቱም ወገኖች በእሽቅድምድሙ ሜዳ ተሰብስበው ምሕረት እንዲደረግላቸው ለመኑ፤ እስከ ሃያ ሁለተኛው ሩጫ ድረስ ሲጮኹ መልስ የሰጣቸው አልነበረም። በዚህ ጊዜ የቀድሞ ጠባቸውን ረስተው አንድ ሆኑ፤ «ኒካ»፥ ማለት «ድል ንሣ»፥ እያሉም ወጡ።

የከተማው ገዥ መሥሪያ ቤት፥ የቤተ መንግሥቱ በር፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፥ የዜውክሲጶስ መታጠቢያ፥ የሐጊያ ሶፊያና የሐጊያ ኢሬኔ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሳምሶን ሆስፒታል ከነበሽተኞቹ መቃጠሉ ነው።

የሰረገላው ነገር ሰበብ ነበረ እንጂ ከሥሩ ሌላ ብሶት አለ። ሕዝቡ የግብሩን ሥራ የሚመራው የቀጰዶቅያው ዮሐንስና ፍርድ ይሸጣል ተብሎ የተከሰሰው የሕግ ሊቅ ትሪቦንያኖስ እንዲሻሩ ጠየቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ሻራቸው፤ ዳሩ ግን ዘግይቶ ነበር። በ18ኛው ቀን ሕዝቡ ኢጳጥዮስ የሚባለውን መስፍን ዘውድ ጫነበት። ዮስጢንያኖስ ሊሸሽ ሲያስብ ንግሥት ቴዎዶራ እንደ ከለከለችው ይነገራል። የጦር አለቆቹ ቤሊሳሪዮስና ሙንዶስ ወደ ሜዳው ገብተው ሕዝቡን ፈጁት፤ ፕሮኮጲዮስ የሞቱት ከ30,000 ይበልጣሉ ይላል። ኢጳጥዮስም በማግሥቱ ተገድሎ ሬሳው ባሕር ተጣለ።

ከቃጠሎው በኋላ አርባ ቀን ያህል ቆይቶ፥ በፌብሩዋሪ 23 ቀን፥ የአዲሲቱ ሐጊያ ሶፊያ ሥራ ተጀመረ። ሥራው የተሰጠው ለአንቴሚዮስና ለኢሲዶሮስ ነው፤ እነርሱም የጂኦሜትሪ ሊቃውንት ነበሩ። የተቃጠለችው ቤተ ክርስቲያን ጣራዋ የእንጨት ስለ ነበረ፥ እነዚህ ሰዎች ጣራውን በሸክላ ጡብ ገነቡት። በአራት ማዕዘን ላይ ክብ ጉልላት ማሳረፍ ታላቅ ችግር ነው። አራት ግዙፍ ምሰሶዎች አቁመው በመካከላቸው ቅስቶች አዞሩ፤ በቅስቶቹ መካከል የቀሩትን ክፍት ቦታዎች ወደ ውስጥ በሚጎብጡ ባለሦስት ማዕዘን ግንቦች ሞሉአቸው፤ ስፋቱ 31 ሜትር ያህል የሆነው ጉልላት በዚህ ላይ ዐረፈ። አረንጓዴው እብነ በረድ ከተሰልያ፥ ቀዩ ድንጋይ ከግብፅ መጣ። በዲሴምበር 27 ቀን 537 ተመረቀች፤ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ችኮላው ግን ዋጋ አስከፈለ። ኖራው በቅጡ ሳይደርቅ ክብደት ስለ ተጫነበት ምሰሶዎቹ ዘመሙ፤ የምድር መናወጥ ተጨምሮበት በ558 የጉልላቱ ክፍል ፈረሰ። የኢሲዶሮስ ዘመድ የሆነው ታናሹ ኢሲዶሮስ ከፊተኛው ከፍ አድርጎ ሠራውና በ562 እንደ ገና ተመረቀ። ሕንጻው ዛሬም በኢስታንቡል ቆሞ ይታያል።

የሳምሶንም ሆስፒታል ከቀድሞው ሰፍቶ ተሠራ፤ 336 ዓምዶች የተሸከሙት የውኃ ማጠራቀሚያም ከመሬት በታች ተቈፈረ። ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከድንጋዩ ጋራ የተሻሩትንም ሹሞች ወደ ቦታቸው መለሰ። የቀጰዶቅያው ዮሐንስ ግብሩን እየሰበሰበ እስከ 541 ድረስ በሹመቱ ቆየ፤ በእኔ ግምት፥ ያ ሁሉ እብነ በረድ ከዚህ ግብር ተለይቶ ሊታሰብ አይችልም። በዚያው መሥሪያ ቤት አርባ ዓመት ያገለገለ የሊድያው ዮሐንስ የሚባል ጸሐፊ ስለ መንግሥት ሹመቶች መጽሐፍ ትቶልናል። የቀጰዶቅያውን ዮሐንስ እጅግ አምርሮ ይከሰዋል፤ የጸሐፊዎች ገቢና ክብር እንደ ምን እንደ ወረደም ያማርራል። የቢሮ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው።

የቤተ መንግሥቱም በር በአዲስ ተሠርቶ ጣራው በሥዕል አጌጠ። ፕሮኮጲዮስ ሥዕሎቹን ዘርዝሮ ጽፎአል፤ በሊብያና በኢጣልያ የተደረገው ጦርነት፥ የተማረኩት ነገሥታት፥ ምርኮውን ይዞ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያቀርበው ቤሊሳሪዮስ ተሥሎበታል። በእሽቅድምድሙ ሜዳ ስለ ተደረገው ግን በዝርዝሩ ውስጥ የተጠቀሰ ነገር የለም።