የታሪክ መጽሐፍ በሒስ ዐይን

በአማርኛ የታሪክ ሒስ፣ ማለትም የጸሐፊውን ሚዛናዊነት የሚፈትሽ ምርመራ፣ ቀደምት ምሳሌ የሚገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በዓመቱ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተሰኘውን የታሪክ መጽሐፋቸውን እዚያው ሲያወጡ፣ ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ከእሳቸው በፊት የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን አጥብቀው አጥላሉ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ በ1912 እ.ኤ.አ. አስመራ ላይ በታተመው «ብርሃን ይሁን» ውስጥ በወጣው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለ ጽሑፋቸው ለታሪክ ጸሐፊ ያለፈውን አጥርቶ የሚያይ አእምሮ፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ አነጋገር እንደሚያስፈልጉት ገልጸው፣ የአፈወርቅን አድልዎ ነቀፉ። ከሦስቱ መለኪያዎች ሁለተኛው አፈወርቅን ክፉኛ ይጥላል፤ በሦስተኛው ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣ በዘመኑ የሚስተካከላቸው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ታሪካዊ ልብ ወለድ፣ ይኸውም በታሪክ የታወቁ ሰዎችን ይዞ ንግግራቸውንና ስሜታቸውን በምናብ የሚሞላው ድርሰት፣ እነዚህን መለኪያዎች እንዳሉ አይቀበልም፤ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በተባለው ልብ ወለዳቸው አፈወርቅ ያጥላሏቸውን ቴዎድሮስን ጀግና ሲያደርጉ፣ ሐያሲው የሚመረምረው አድልዎ መኖሩን ሳይሆን፣ አድልዎው ሰውየውን በድርጊቱ ሕያው ማድረግ አለማድረጉን ነው።