የኒውዮርክ ከንቲባ ምርጫ፦ ዕጩዎቹ ስለ ቤት፣ ስለ መሬትና ስለ ገንዘብ ምን አሉ?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2025 በተካሄደው የኒውዮርክ ከተማ ምርጫ ዞህራን ማምዳኒ፣ አንድሩ ኩሞንና ከርቲስ ስሊዋን አሸንፈው የከተማዋ የመጀመሪያ ሙስሊም ከንቲባ ለመሆን በቅተዋል። ስለ ሃይማኖታቸው ብዙ ቢወራም የክርክሩ ዋና ጉዳይ የኑሮ ውድነት፣ በተለይም የቤት ኪራይ ነበር። በ2023 በተደረገ የከተማዋ ጥናት መሠረት ተከራይ የሚጠብቁ ክፍት ቤቶች ከጠቅላላው የኪራይ ቤት 1.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ኪራይ

በከተማዋ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ አፓርታማዎች የኪራይ ጭማሪያቸው በሕግ የተገደበ ነው። ጭማሪውን በየዓመቱ የሚወስነው 9 አባላት ያሉት ቦርድ ሲሆን አባላቱን የሚሾመው ከንቲባው ነው። ማምዳኒ በእነዚህ ቤቶች ላይ ኪራይ እንዳይጨመር አደርጋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ቦርዱ ከዚህ ቀደም በ2015 እና በ2016 ለአንድ ዓመት ውሎች ጭማሪ ከልክሎ ያውቃል። አከራዮች ግን የጥገና ወጪ እየናረ ገቢ ባለበት ከቆመ ሕንጻዎቹ ይጎዳሉ ይላሉ። ኩሞ ደግሞ እነዚህ ቤቶች ሲለቀቁ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች እንዲሰጡ ሕግ ይውጣ ብለዋል።

የመሬት አጠቃቀም

የት ቦታ ምን ዓይነት ሕንጻ፣ በምን ያህል ከፍታ እንደሚሠራ የሚወስነው የዞኒንግ ደንብ ነው። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2024 ደንቡን በ31 ለ20 ድምፅ አላልቷል፤ ዓላማውም በ15 ዓመት 80,000 ያህል ተጨማሪ ቤቶች እንዲሠሩ ማስቻል ነው። ስሊዋ ይህን ተቃውመዋል። በምርጫው ዕለት የግንባታ ፈቃድ ሂደትን የሚያፋጥኑ ሦስት የሕዝብ ውሳኔዎችም ጸድቀዋል። ኩሞ ደግፈዋቸዋል፣ ስሊዋ ተቃውመዋቸዋል፣ ማምዳኒ ደግሞ አቋማቸውን ሳይገልጹ ቆይተው በዕለቱ በድጋፍ መምረጣቸውን ተናግረዋል።

ገንዘብ

ማምዳኒ በ10 ዓመት 200,000 ቤቶች ለመገንባት 70 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ብድር እንደሚያስፈልግ ገልጸዋል። ለሌሎች ዕቅዶቻቸው ደግሞ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያገኙ ሰዎች ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ የገቢ ግብር እንዲጣል፣ የድርጅቶች ግብርም ከፍ እንዲል ጠይቀዋል። ኩሞ ግብር ከጨመረ ባለሀብቶች ከተማዋን ጥለው ይሄዳሉ በማለት ተከራክረዋል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ከንቲባው የኪራይ ቦርዱን አባላት መሾም ይችላል። የዞኒንግ ለውጥ ግን በአብዛኛው የምክር ቤቱን ድምፅ ይፈልጋል። የገቢ ግብር መጨመርና የብድር ጣሪያውን ማንሳት ደግሞ አልባኒ ያለውን የክፍለ ግዛቱን ሕግ አውጪና የአገረ ገዢውን ይሁንታ ይጠይቃል፤ አገረ ገዢ ካቲ ሆከልም በምርጫው ወቅት የገቢ ግብር መጨመርን እንደማይደግፉ ተናግረው ነበር።

በአሜሪካ የምትኖሩና የመምረጥ መብት ያላችሁ አንባቢዎቻችን በየከተማችሁ የሚወዳደሩ ዕጩዎችን በዚሁ ሚዛን ልትመዝኗቸው ትችላላችሁ። የሚገቡት ቃል በማን ሥልጣን እንደሚፈጸምና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቋቸው።