የወፍ በሽታና የሐሞት መንገድ

የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን በጎንደር ከተማም በደጋውም አገር «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። ነገር ግን ይህ አንድ ስም የተለያየ ሕመም ይሸፍናል፤ ብዙ ጊዜ ወይ ጉበት ይታመማል፤ ወይ የሐሞት ቧንቧ በጠጠር ወይም በዕጢ ይዘጋል። መንገድ ያጣ ሐሞትም ወደ ደም ይመለሳል።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን ማሠልጠን ሲጀምር፤ ለተዘጋ ቧንቧ በዓለም ዋናው ተስፋ ቀዶ ሕክምና ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ግን ፈረንሳዊው ሐኪም ጆቫኒኒና ባልደረቦቻቸው አዲስ ዘዴ ገለጹ፤ ይኸውም በአፍ በገባ መሣሪያ፣ በድምፅ ሞገድ እየተመሩ፣ ከአንጀት ወደ ሐሞት ቧንቧ በመርፌ ቀድደው ማፍሰሻ ቱቦ ማኖር ነው።

ጥበቡ ቢራቀቅም የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው፤ የታመመው ጉበት ነው ወይስ የተዘጋው መንገድ? እንግዲህ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሰገራው የነጣ፣ ገላውም የሚያሳክከው ሰው በቤቱ አይሰንብት፤ ፈጥኖ ይመርመር።