የትንፋሽ ቆጠራ ከየት መጣ?



ወርሃዊ ስብሰባችንን ከመክፈታችን በፊት ዐሥር ደቂቃ ዝም ብለን ትንፋሻችንን መከታተል ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ ተነሥቷል፦ «ይህ ነገር የማን ነው? ከሃይማኖታችን ጋር አይጋጭም ወይ?» ሁለት እህቶቻችን ዐሥሩ ደቂቃ እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ መዝገባችን ውስጥ እንደማናስገባ ሁሉ የዚህንም መነሻ ማወቅ ይገባናል።

መነሻው የቡድሃ ትምህርት ነው፤ አንደብቀውም። በፓሊ ቋንቋ «አናፓናሳቲ» ይባላል፤ የሚገባና የሚወጣ ትንፋሽን ልብ ማለት ነው። ትንፋሹ ሲረዝም መርዘሙን፣ ሲያጥር ማጠሩን ማወቅ እንጂ ማስገደድ የለም። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የጻፉት መነኩሴ ቡድሃጎሳ ጀማሪዎች ትንፋሻቸውን ከአምስት ሳያሳንሱ፣ ከዐሥር ሳያሳልፉ እንዲቆጥሩ መክረዋል። መጀመሪያ እንደ እህል ሰፋሪ በዝግታ፣ በኋላ ከብቶቹ ከበረት ሲወጡ እንደሚቆጥር እረኛ በፍጥነት።

ልምምዱ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የመነኮሳት ነበር። በበርማ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1885 የመጨረሻውን ንጉሥ ከዙፋን ካወረዱ በኋላ ግን ሌዲ ሳያዶ የተባሉ መነኩሴ ለተራው ሕዝብ በሰፊው አስተማሩ፣ ጻፉም። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሳያ ቴትጂ ገበሬ ነበሩ። ከእኚህ ገበሬ የተማሩት ኡ ባ ኪን ደግሞ እንደ አንዳንዶቻችን የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ልምምዱን እ.ኤ.አ. በ1937 ጀመሩ፤ በርማ በ1948 ነጻ ስትወጣ የአገሪቱ ዋና የሒሳብ ሹም ሆኑ። ሥራቸውን ሳይለቁ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች አስተማሩ፤ በ1952 በራንጉን ማዕከል ከፈቱ። ከቅርብ ተማሪዎቻቸው አንዷ ዶ ሚያ ትዊን የተባሉ ሴት ሲሆኑ፣ በኋላ በእንግሊዝ አገር አስተምረዋል።

ጎየንካ የተባሉ ነጋዴ በ1955 ከከባድ ራስ ምታት ለመዳን ሲመጡ፣ ኡ ባ ኪን ለዚያ ብቻ ከሆነ እንደማይቀበሏቸው ነገሯቸው። እኛም ይህን እናስታውስ፤ የታመመች እህት ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጸጥታ ሥራ ፈት ሰው ብቻ የሚያገኘው አለመሆኑን ነው። የአንድ አገር ሒሳብ የተሸከሙ ሰው ጊዜ ካገኙለት፣ ሰኔ 30 መዝገብ የምንዘጋውም፣ ጉልት የምንውለውም፣ ልጅ አዝለን የምንመጣውም እናገኝለታለን።

በር ላይ ለምትቆሙት እህቶቻችን የምንለው ይህን ነው፦ መነሻውን ነግረናችኋል፤ መቀበል ግዴታ አይደለም። ትንፋሹን የማትፈልግ በዚያው ዐሥር ደቂቃ በየሃይማኖቷ በልቧ ትጸልይ፣ ወይም ዝም ብላ ትረፍ። ብቻ በሚቀጥለው ስብሰባ ገብታችሁ ከእኛ ጋር ተቀመጡ።