«ጉልበቱ አለቀ»፦ የአንድ ስሕተት ረጅም ታሪክ



በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ሳንቲም ወደ ላይ ወረወርሁ እንበል። ከእጄ ወጥቷል፤ ገና ሽቅብ በመጓዝ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት በሳንቲሙ ላይ ያለው ጉልበት፣ ማለትም ፎርስ፣ አቅጣጫው ወዴት ነው? የአየሩን ተቃውሞ ከተውነው መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚጎትተው የምድር ስበት። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ክሌመንት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ስለዚሁ ጥያቄ ባሳተሙት ጥናት ግን ከጠየቋቸው የምህንድስና ተማሪዎች አብዛኞቹ ወደ ላይ የሚገፋ ሌላ ጉልበት ጨምረው ሥለዋል። የመካኒክስ ኮርስ ከወሰዱ በኋላም ብዙዎቹ ሐሳባቸውን አልለወጡም። እኔም በክፍሌ ከዓመት ዓመት የማየው ይህንኑ ነው። ተማሪው የኒውተንን አንደኛ ሕግ በእንግሊዝኛ ሳይሳሳት ይወጣዋል፤ ሳንቲሙ ዘንድ ሲደርስ ግን ሕጉን ይረሳዋል።

ዛሬ ላስረዳ የምሻው ይህ ስሕተት የስንፍና ውጤት አለመሆኑን ነው። ታሪክ ያለው፣ ታላላቅ አእምሮዎችም የኖሩበት ስሕተት ነው።

አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ያለ ገፊ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ሲል አስተማረ። የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላስ ማን ይገፋዋል ቢባል፣ በዙሪያው ያለው አየር ነው የሚል መልስ ሰጠ። በ6ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ሊቅ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን መልስ አልተቀበለም። ገፊው አየር ከሆነ፣ ድንጋዩን በበትር ጫፍ አስቀምጦ ከኋላው አየሩን በማናወጥ ብቻ ማስወንጨፍ ይቻል ነበር ሲል ተከራከረ። የእርሱ መልስ ወርዋሪው ለድንጋዩ ጉልበት ያሳድርበታል፣ ያም ጉልበት ቀስ በቀስ ያልቃል የሚል ነበር። ይህ አሳብ በኢብን ሲና ጽሑፎች መልኩን ለውጦ ተገኘ፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የዣን ቡሪዳን ትምህርት ሆነ። ቡሪዳን ይህን የተላለፈ ጉልበት በቁሱ ብዛትና በፍጥነቱ መጠን ለካው፤ የሚቃወመው ነገር ካላዳከመው በቀር በራሱ እንደማያልቅም ተናገረ።

ጋሊሌዮም ቢሆን ከዚህ አሳብ ውጭ አልተነሣም። በ1590 ገደማ፣ በፒዛ ወጣት መምህር ሳለ፣ ስለ እንቅስቃሴ በጻፈው ጽሑፍ የተወረወረ ነገር የሚወጣው በተሰጠው ጉልበት እንደሆነ፣ ጉልበቱም እየደከመ እንደሚሄድ ያስረዳ ነበር። ሳንቲሙ ላይ የተሳሳተው ተማሪያችን የሚለውም ይህንኑ ነው። ጋሊሌዮ ከዚያ ለመውጣት የብዙ ዓመት ድካም አስፈልጎታል። ቦይ በተበጀለት ዘንባላ ሳንቃ ላይ የነሐስ ኳስ እያንከባለለ፣ ጊዜውን ከዕቃ በሚፈስ ውኃ ክብደት እየለካ መረመረ። አንዱን ተዳፋት የወረደ ኳስ ሰበቃ ባይኖር ሌላውን ተዳፋት ወጥቶ ወደ ተነሣበት ከፍታ ይደርሳል። ሁለተኛው ተዳፋት እየተጋደመ በሄደ ቁጥር ኳሱ የሚጓዘው ርቀት ይረዝማል። ፈጽሞ ቢጋደምስ? የሚያቆመው ነገር የለም። ይህን ትምህርት የያዘው መጽሐፉ በ1638 በላይደን ሲታተም ጋሊሌዮ በቤቱ በእስር ላይ ነበር።

ዴካርት በ1644 ያልተነካ አካል ጉዞውን በቀጥታ መስመር እንደሚቀጥል ጻፈ፤ ኒውተንም በ1687 ይህን አንደኛ ሕጉ አደረገው። ሆኖም ኒውተን ራሱ ኢነርሺያን «ጉልበት» ብሎ መጥራቱን አልተወም። የአሮጌው አሳብ ጥላ እስከዚያ ድረስ ተከትሎ መጥቷል።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ። ኳስ ሲቆም «ጉልበቱ አለቀ» እንላለን። በዕለት ተዕለት አማርኛ ጉልበት ሰው ወይም ነገር በውስጡ የሚይዘው፣ ሲሠራበት የሚያልቅ ሀብት ነው። በኒውተን ፊዚክስ ግን ጉልበት ማንም በውስጡ የሚይዘው ነገር አይደለም፤ በሁለት አካላት መካከል የሚሆን ድርጊት ነው። ኳሱ የያዘው እንቅስቃሴን ነው፤ እርሱንም የሚቀንስበት የመሬቱ ሰበቃና የአየሩ ተቃውሞ ነው እንጂ በራሱ አያልቅም። ልጁ «ጉልበቱ አለቀ» ሲል ሳያውቀው የፊሎፖኖስን ትምህርት ይናገራል።

ሥጋቴ እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ሕጉ በእንግሊዝኛ ይጠናል፤ አሮጌው አሳብ ግን ማንም ሳይነካው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። እንዲህም ሲሆን ተማሪው ሁለት ፊዚክስ ይዞ ይወጣል፤ አንዱን ለፈተና፣ ሌላውን ለኑሮ። ድልድይ ሲሠራ ወይም መኪና ሲነዳ የሚያስብበት በየትኛው ይመስላችኋል?

ስለዚህ ለመምህራን የማቀርበው ምክር ቀላል ነው። ሕጉን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ሳንቲሙን ወርውሩ። ተማሪው የመሰለውን በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፤ ይከራከርለትም። ከዚያ ቡሪዳን እንዲህ ብሎ እንደነበር፣ ጋሊሌዮም በወጣትነቱ እንዲሁ ያምን እንደነበር ንገሩት። ቀጥሎም የጋሊሌዮን ጥያቄ ጠይቁት፦ ሜዳው ፈጽሞ ለስላሳ ቢሆን ኳሱ የት ይቆማል? ያን ጊዜ ስሕተቱ ማፈሪያ መሆኑ ቀርቶ መነሻው ይሆናል።