ያቺ የቀረች ገመድ

የምኖረው ባሕር ዳር፣ የምሠራው ባንክ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውልና አመሻሹ ላይ ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ባለፈው በጋ ግን የወረድኩት ነፋስ ለመቀበል አልነበረም። ከሰፈሬ ስድስት ወጣቶች ጋር ሆኜ፣ ከነገደ ወይጦ ወገን የሆኑ አንድ አዛውንት እግር ሥር ተቀምጬ፣ የደንገል ታንኳ አሠራር ልማር ነበር።

ወደ እኛ ታንኳ ከመሄዴ በፊት አንድ ታሪክ ላንሣ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ሊያሳይ ተነሣ። ደንገሉ ከእኛው ጣና ታጭዶ ተወሰደለት። ሠሪዎቹን ከቻድ ሐይቅ አስመጣ። በጊዛ ፒራሚዶች ሥር የተሠራችው «ራ» ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሥታ ለሳምንታት ቀዘፈች። ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ግን ተበታትና፣ መርከበኞቿ ጥለዋት ወጡ።

ምን ነካት? በጥንታዊ የግብጽ ሥዕሎች ላይ፣ ወደ ላይ ከተቆለመመው የጀልባ ጭራ እስከ ወለሉ የተወጠረች ገመድ ትታያለች። የቻድ ጀልባዎች እንዲህ ያለ ጭራ ስለሌላቸው የገመዷ ጥቅም አልታወቀም፤ ቀረች። ጭራው ቀስ በቀስ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ማዕበሉም ተከተለ። በዓመቱ በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች፣ በአይማራዎች እጅ የተሠራችው ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰች።

ሥዕል ገመዷን ያሳያል፤ ለምን እንደታሰረች ግን አይናገርም። ያንን የሚናገረው ሰው ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈዋል።

ወደ እኛው ልመለስ። ደንገሉን አጭደን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ሲጠወልግ በነዶ በነዶ እያሰርን፣ ነዶን ከነዶ እያጣመርን፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀለበስን። እኔ እንደ ልማዴ ሁሉን በማስታወሻ ደብተሬ አሰፈርኩ፤ ቋጠሮዎቹን ሳይቀር ሣልኩ። በሦስተኛው ቀን ከወጣቶቹ አንዱ እጁን አራግፎ ተነሣ።

«አባባ፣ ይህች ታንኳ ስንት ጊዜ ታገለግላለች?»

«እያወጣህ ካደረቅሃት ጥቂት ወራት።»

«ታዲያ ለምን እንለፋለን? የብረት ጀልባ እኮ ዕድሜ ልክ ይኖራል!»

ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነበር። አዛውንቱ ገመዱን በጥርሳቸው ወጥረው፣ ቋጠሮውን ጨርሰው ቀና አሉ።

«ስለምትበሰብስ ነው እኮ ልጄ የማውቃት። አባቴ አንዴ ሠርቶ ቢያርፍ ኖሮ፣ እኔ መቼ አየው ነበር?»

ልጁ ግን ሄደ፤ በማግሥቱም ሌላ አንድ ቀረ። አልፈርድባቸውም። የአዛውንቱ የገዛ ልጆችም በሌላ ሥራ ላይ ናቸው። የሐይቁ ዳር ደንገል በእርሻ ተገፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እንቦጭም ለዳርቻው ሌላ ጠላት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። መዝገብ መልካም ነው፤ እኔም የመዝገብ ሰው ነኝ። ቋጠሮን ግን መዝገብ አያስርም።

ይህን የተረዳሁት አፍሬ ነው። ታንኳችን ተጠናቅቃ፣ ወደ ግራ ብታዘነብልም አራቱን ልጆች በየተራ ካንሳፈፈች በኋላ፣ ቤቴ ገብቼ በተረፈው ደንገል ብቻዬን ሞከርኩ። ደብተሬን ገልጬ፣ ሥዕሌን እያየሁ አሰርኩ። ብድግ ሳደርገው ነዶው እግሬ ሥር ተዘረገፈ። ሄየርዳል ከግብጹ ሥዕል ያጣውን እኔ ከገዛ እጄ ሥዕል አጣሁት! ልዩነታችን አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ መምህር ዛሬም በሕይወት አሉ።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ፣ ደብተሬን ቤት ትቼ፣ ወደ እርሳቸው እሄዳለሁ።

ታንኳማ ይበስብስ፣ ውኃ ይመልሰው፤
ደንገልም ይበቅላል፣ ዝናብ ከደረሰው፤
እጅ ነው የማይበቅል፣ ካላወረሰው ሰው፤
አባ እጄን ያዙት፣ ቋጠሮው ይድረሰው።